በእንጦጦ ዱር መንገድ የጠፋበት ሰው በምን ይጣራ?

ሰው በከተማ ሲኖር ችግር ቢደርስበት አንድ ጊዜ ኡኡ ቢል ጎረቤት ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ በዱር ግን እንዲህ አይደለም። ከየካ ተነሥቶ የእንጦጦን ዳገት የወጣ ሰው ብዙም ሳይርቅ ባሕር ዛፉ ይከበዋል፤ ከተማው ከእግሩ በታች እየታየው ድምፁ ግን ወደዚያ አይደርስለትም። ስለዚህ ወደዚህ ተራራ የሚወጣ ሰው ለክፉ ቀን የሚሆነውን የመጣሪያ ዕቃ እንዴት መርጦ መያዝ እንደሚገባው ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናመለክት ወደድን።

ወደ ተራራው የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ሳይነጋ ተነሥተው ጭራሮና ቅጠል የሚለቅሙ እናቶች አሉ፤ በማለዳ የሚሮጡ አትሌቶች አሉ፤ እንጦጦ ማርያምን፥ ራጉኤልን፥ የካ ዋሻ ሚካኤልንም ሊሳለሙ የሚሄዱ አሉ፤ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ለመናፈስ የሚመጣው ተጨምሯል። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ግድም ስለሚደርስ በክረምት ጉም ሲወርድበት አሥር ክንድ ርቆ የቆመውን ሰው ይሰውራል። ይህን የሚጽፈው ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር ከዋሻ ሚካኤል በላይ ባለው ዱር ጉም ይዞት ጉሮሮው እስኪዘጋ ድረስ ተጣርቷል። በመጨረሻ ያገኘው እረኛ ጩኸቱን አስቀድሞ ሰምቶት እንደ ነበረ፥ ነገር ግን ከብት የሚመልስ ሰው መስሎት ዝም እንዳለ ነገረው። ድምፁ ደርሷል፤ ትርጓሜው ግን አልደረሰም።

በዚህ ነገር እጅግ ያሰቡበት ሰዎች ባሕር ጠላቂዎች ናቸው። የታመቀ አየር በጀርባቸው አዝለው ለደስታቸው ወደ ባሕር የሚጠልቁት ሰዎች ተመልሰው ሲወጡ፥ የውኃው ጉዞ ከጀልባቸው አርቋቸው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ከማዕበሉ በላይ የሚታየው ራሳቸው ብቻ ነውና ጀልባው በአጠገባቸው ሳያያቸው ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ዕቃ ብቻ አይታመኑም፤ ለጆሮ ፊሽካ፥ ለዓይን ተነፍቶ የሚቆም ረጅም ብርቱካናማ ከረጢት፥ ለቀን መስተዋት፥ ለሌሊት ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይይዛሉ። ከዳርቻ የሚርቁት ደግሞ በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ሳተላይት የሚጣራ ትንሽ ራዲዮ ይጨምራሉ። ይህን ጥሪ የሚቀበለው ኮስፓስ ሳርሳት የሚባለው ድርጅት ነው፤ ካናዳ፥ ፈረንሳይ፥ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ተስማምተው አቆሙት። በ1982 በመጀመሪያ ያዳናቸው ሰዎች ግን ባሕርተኞች አልነበሩም፤ በካናዳ ዱር አውሮፕላናቸው የወደቀባቸው ናቸው። ባሕር ዛፍም ስሙ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ግን ዛፉ ራሱ ባሕር ነው ቢል የሚወቅሰው የለም።

ለእንጦጦ የትኛው ይሻላል ቢባል፥ መስተዋት በበጋ ገላጣ ቦታ ላይ ለቆመ ሰው መልካም ነው። ሁለት ጣትን ከፍቶ ወደሚፈለገው ሰው ዘርግቶ፥ የፀሐዩን ነጸብራቅ በጣቶቹ መካከል ማሳለፍ ነው፤ ብልጭታው እጅግ ሩቅ ይታያል። በክረምትና በዛፍ ጥላ ሥር ግን ዋጋ የለውም። የእጅ ባትሪ ለማታ ያገለግላል፤ ጉም ግን ብርሃኑን ይውጠዋል። ስልክ ሲሠራ ከሁሉ ይበልጣል፤ ለፖሊስ 991፥ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፥ ለእሳትና አደጋ 939 መደወል ነው፤ ቦታውንም በቅርብ ባለው ቤተ ክርስቲያን ስም መናገር ይገባል። ነገር ግን በሸለቆ ውስጥ መስመር ይጠፋል፥ ብርድም ባትሪውን ያደክማል፤ እንጨት ለቃሚዋ እናት ደግሞ ስልኩ ባይኖራትስ? እሳት አንድዶ በጢስ መጣራት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ያለበት ስለ ሆነ ራሱን ለማዳን የጫረው ሰው ተራራውን ሁሉ ያቃጥላል።

እንግዲህ በጉምም በጨለማም በዛፍም መካከል የሚያልፍ፥ ባትሪ የማይሻ፥ ድሀውም የሚገዛው ፊሽካ ነው። በውስጡ ፍሬ ያለው በምራቅና በጭቃ ስለሚያያዝ ፍሬ የሌለውን የፕላስቲክ መምረጥ ይሻላል። የሚንጠለጠለውም በአንገት ነው፤ ገደል የወደቀ ሰው ከረጢቱ ከእጁ ያመልጣልና።

ይሁን እንጂ ፊሽካ ዘበኛውም ይነፋል፥ የሩጫ አሠልጣኙም ይነፋል፥ ሕፃንም ይነፋል። ድሮ ነጋሪት ሲጎሰም አዋጅ መሆኑን ሕዝቡ ያውቅ የነበረው፥ ዛሬም ደወል ሲደወል ቅዳሴ መድረሱን ሁሉ የሚያውቀው አስቀድሞ ስለ ተማረው ነው። ተራራ ወጪዎች ለዚህ ያበጁት ደንብ አለ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 በእንግሊዝ አገር ሐሳቡ የቀረበ ነው፤ ባሕር ዛፍም ወደ አገራችን የገባው በዚያው ዘመን ግድም ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፥ አንድ ደቂቃ ማረፍ፥ እንደገና ስድስት ጊዜ መንፋት ነው። የሰማው ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። በባትሪም በመስተዋትም ቁጥሩ ያው ነው።

ይህን ቁጥር የየካ ክፍለ ከተማ ሹማምንት ለደን ጠባቂዎች፥ የአድባራቱም አለቆች ለዲያቆናቱና ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኞች ቢያስተምሩት ወጪው የአንድ ጉባኤ ጊዜ ብቻ ነው። ሌሊት ለማኅሌት ነቅቶ ከደጀ ሰላም የቆመ ካህን ከዱሩ የሚመጣውን ድምፅ ከማንም አስቀድሞ ይሰማል፤ ስድስቱን ቆጥሮ ካወቀ ሰው ይልካል፥ ወይም ይደውላል። መልሱን በደወል ይሁን ወይስ በፊሽካ የሚለውን አለቆቹ ራሳቸው ይወስኑት፤ ደወል የራሱ ሥርዓት አለውና።

የጠፋውም ሰው ሦስቱን በሰማ ጊዜ ተገኘሁ ብሎ መንፋቱን አይተው፤ ፈላጊዎቹ የሚከተሉት ያንኑ ድምፅ ነውና። እስኪደርሱለትም ካለበት አይነሣ።