ትንሽ መርከብ፣ ትልቅ ሳል፦ ቤት ውስጥ የእጅ ሥራ ለምትሠሩ ሁሉ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ መርከብ ነው። ገጹን አልተሳሳታችሁም፤ ጉዳዩ የሳንባ ጉዳይ ነው።

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ በምሠራበት ክሊኒክ አንድ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ መርከበኛ መጣ (ታሪኩን የምጽፈው በፈቃዱ ነው፤ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር የለበትም)። ባቦጋያ ሠልጥኖ በውጭ አገር የጭነት መርከቦች ላይ በማሪን ኢንጂነርነት ይሠራል። ወራት ባሕር ላይ፣ ከዚያ ወራት ቤቱ። ያስቸገረው ሳል ነው። ማታ ማታ ይብስበታል፣ ደረቱን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ይላል። ትኩሳት የለውም፣ ክብደት አልቀነሰም። አንቲባዮቲክ ሁለት ጊዜ ወስዶ ምንም ለውጥ አላየም።

«መርከብ ላይ ስትሆንስ?» አልኩት።

«እዚያማ ደህና ነኝ ዶክተር። ሞተር ክፍል ውስጥ ውዬ እንኳ አላስልም። አዲስ አበባ በገባሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው የሚጀምረኝ።»

ብዙ ሰው «የአዲስ አበባ ብርድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ግን አንድ ቦታ ስንሆን የሚነሳ፣ ሌላ ቦታ ስንሄድ የሚጠፋ ሳል ሁሌም አንድ ጥያቄ ያስነሳል፦ እዚያ ቦታ ምን ትሠራለህ?

መልሱ «መርከብ» ነበር።

🔹 የምን መርከብ?

የሚሠራው «ኢትዮጵያ» የተባለችውን የቀድሞ የባሕር ኃይላችንን መርከብ ሞዴል ነው። እሷ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ «ኦርካ» ተብላ በ1944 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ጀምራ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ተሰጠች። በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ዛሬ ሄዶ የሚያያት ሰው የለም። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ስለነበር በ1 ለ100 ስትሠራ 95 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ የሳሎን ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች ማለት ነው።

አካሏን ከኤምዲኤፍና ከኮምፔንሳቶ በትንሽ የሌዘር ማሽን ይቆርጣል። መድፉን፣ መልሕቁን፣ የነፍስ አድን ጀልባውን በፈሳሽ ሬዚን በሚሠራ ስሪዲ ፕሪንተር ያወጣል። በሱፐር ግሉ ያጣብቃል፣ በእጅ በሚያዝ ትንሽ ፈጣን ሞተር ይሞርዳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ፎቶውን ሲያሳየኝ ተደንቄያለሁ፤ የመርከቧ አጥር ከክር አይወፍርም።

ቀጥዬ «የት ነው የምትሠራው?» አልኩት። ኮንዶሚኒየም ቤቱ ውስጥ፣ ሁለተኛው መኝታ ቤት፣ ለብርዱ ብሎ መስኮቱን ዘግቶ። የሦስት ዓመት ልጁም የሚተኛው እዚያው ነው።

🔹 ሥራው ትንሽ ሲሆን ለምን ይብሳል?

ብዙዎቻችን «ትልቅ አናጺ ቤት ነው አደገኛው፤ እኔ የምሠራው ትንሽ ነገር ነው» እንላለን። ሳንባችን ግን የሚቆጥረው የሥራውን ትልቅነት ሳይሆን የብናኙን ትንሽነት ነው። መጋዝ የሚያወጣው ትልልቁ ሰጋቱራ መሬት ላይ ይወድቃል፤ የተረፈውን አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል። ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ብናኝ ግን ወደ ሳንባ ያልፋል፤ ይበልጥ የደቀቀው እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። (የፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው፤ አስቡት።) ጥቃቅን ዕቃ በፈጣን ሞተርና በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ስንሞርድ የሚወጣው በአብዛኛው ይኼ ደቃቁ ነው። በዚያ ላይ ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ፊታችንን አስጠግተን ነው የምንሠራው።

አራቱን ዋና ዋና ጥፋተኞች እንያቸው፦

1. የኤምዲኤፍና የእንጨት ብናኝ። ኤምዲኤፍ የእንጨት ጭረት በኮላ ተጋግሮ የሚሠራ ነው፤ በኮላው ውስጥ ፎርማልዲሃይድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝንም ፎርማልዲሃይድንም በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ምድብ ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ይህ በዋናነት ለዓመታት በሥራቸው ለሚጋለጡ ሰዎች ስለሆነ አትደንግጡ፤ ግን አትናቁት።

2. የሌዘር ጭስ። የተቃጠለ እንጨትና ፕላስቲክ ጭስ ነው። ፒቪሲ የተባለውን ፕላስቲክ ግን በፍጹም በሌዘር አትቁረጡ! ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል።

3. ሱፐር ግሉ። ሽታው ዓይንና አፍንጫን ይቆጠቁጣል፤ አንዳንድ ሰው ላይ አስም ይቀሰቅሳል። ጥጥ ጨርቅ ላይ በብዛት ከፈሰሰ ደግሞ እስከማቃጠል ድረስ ይግላል፤ ስለዚህ በጥጥ ጓንት አትሥሩ።

4. ያልደረቀ ሬዚን። ቆዳ ሲነካ አለርጂ ያመጣል። ይህ አለርጂ አንዴ ከያዘ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል።

🔹 ምን አደረግን?

ፒክ ፍሎ ሜትር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ሰጠነው። በቀን አራት ጊዜ በኃይል እየነፋበት ቁጥሩን እንዲጽፍ፣ ሁለት ሳምንት እየሠራ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ክፍሉን ዘግቶ። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ፦ ሲሠራ ይወርዳል፣ ሲያቆም ይወጣል። አስም ነው፤ ቀስቃሹም ሥራው ነው። ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየትና ለሕክምናው ክትትል ወደ ሳንባ ስፔሻሊስት ላክሁት።

ይህ ለእሱ ቀላል ዜና አይደለም። መርከበኛ ያለ ሕክምና ሰርተፊኬት አይሳፈርም፤ በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ የመርከበኞች ስምምነት መሠረት ሰርተፊኬቱ ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ያልተቆጣጠሩት አስም እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል። ደግነቱ ይህ ዓይነቱ አስም ቀስቃሹን ቶሎ ለሚያቆም ሰው የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነው፤ እያሳለ ለዓመታት ለሚቀጥል ግን አብሮት ሊቀር ይችላል። የእሱ ሳል በሳምንታት ውስጥ ቀለለ። ኢንሄለሩን ግን ስፔሻሊስቱ ሳያዝ እንዳያቆም አስጠንቅቄዋለሁ።

«ለሁልጊዜ ተው» አላልኩትም። ወራት ከቤተሰብ ርቆ ለሚኖር ሰው እጁና ልቡ የሚያርፉበት ሥራ ራሱ ጤና ነው። መቀየር ያለበት ቦታውና አሠራሩ ነው። የቀስቃሹ ምርመራ እስኪያልቅ ግን መሣሪያዎቹ ተሸፍነው ይቆያሉ።

🔹 እናንተስ? ሞዴል፣ ጌጣጌጥ፣ ምልክት ሰሌዳ፣ የቤት ዕቃ፣ ምንም ሥሩ፦

✅ ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ በተለይ ልጆች ባሉበት፣ አትሥሩ።
✅ የሌዘሩ ጭስ በቱቦ በቀጥታ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ቱቦው ወደ ጎረቤት መስኮት አይዙር።
✅ ኤን95 ማስክ አድርጉ። ነጠላ፣ ሻርፕና ተራው የሕክምና ማስክ ደቃቅ ብናኝ አያቆሙም። ጺም ካላችሁ ማስኩ በደንብ አይገጥምም።
✅ ብናኝ በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ በኮምፕረሰር አትንፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት። የሥራ ልብሳችሁን ቀይራችሁ ነው ልጅ የምታቅፉት።
✅ መከላከያ መነጽር ሁሌም! ትንሹ ሞተር በደቂቃ 30,000 ጊዜ ይዞራል፤ የተሰበረ መቁረጫ ዓይን ያጠፋል።
✅ ለሬዚን የናይትራይል ጓንት አድርጉ። በሚሽከረከር ማሽን ላይ ግን ጓንትና የተንጠለጠለ ልብስ አይሆንም፤ ይጎትታችኋል።

🔹 አደጋ ከደረሰ

👉 ዓይን ውስጥ የተሰካ ነገር፦ አትንቀሉ፣ አትሹ። ሳይጫን በኩባያ ነገር ሸፍናችሁ ወደ ሆስፒታል።
👉 ኬሚካል ዓይን ውስጥ ከገባ፦ ወዲያውኑ በንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ኑ።
👉 ሱፐር ግሉ ሽፋሽፍት ካጣበቀ፦ በጉልበት አትክፈቱት። ለብ ባለ ውሃ እጠቡና ሐኪም ይየው።
👉 ጣት ከተቆረጠ፦ ቁስሉን ተጭናችሁ ደሙን አቁሙ። የተቆረጠውን በእርጥብ ንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ፣ ፌስታሉን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ። በረዶው ሥጋውን በቀጥታ አይንካ። የቴታነስ ክትባትንም አትርሱ።

በመጨረሻም፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ ወይም ማታ የሚያስነሳ የትንፋሽ ማጠር ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ። ስትሄዱም «ምን ትሠራላችሁ?» እስክትባሉ አትጠብቁ፤ ራሳችሁ ንገሩ። ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ቤታችሁ ውስጥ የምትሠሩትንም ጨምሩ።

እንዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው ካወቃችሁ አጋሩለት። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ተራ በተራ እመልሳለሁ።