ሬፌቱ ጺመር ይሆናል? መጀመሪያ ወረቀቱ

ከርሖቮት ነኝ። ዛሬ ስለ ጺመር እናወራለን። አጎቴ ከከተማችን አጠገብ ባለ ሞሻቭ አንድ አሮጌ ሬፌት ተከራይተው፣ በገዛ እጃቸው አድሰው ለእንግዳ ሊያከራዩ አስበዋል። እናቴ ስትሰማ ሳቀች። «እኛ ጎንደር ከብቱን ከቤት አስወጥተን ሳንጨርስ፣ እናንተ ሰውን ጋጣ ልታስገቡ?»

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እዚሁ ርሖቮት በ1904 የተተከለው የሚንኮቭ ፓርዴስ እኮ ታድሶ ዛሬ ሙዚየም ነው። ግን የአጎቴ ገንዘብ የስንት ዓመት ቁጠባ ነው፤ ውሉን እንዳነብላቸው ሲሰጡኝ (መቼም ዕብራይስጥ ማንበብ የልጆች ሥራ ነው፣ ታውቁታላችሁ) ከቀለምና ከአልጋ በፊት ስለ ፈቃዱ ጠየቅኩ።

ለምን መሰላችሁ? ሬፌቱ የተፈቀደው ለላም ነው። ግድግዳውን ባትነኩት እንኳ፣ ሰው ይደርበት ካላችሁ አጠቃቀሙ ተለወጠ ማለት ነው፤ በ1965ቱ የፕላንና የግንባታ ሕግ ይኼ ከቫዓዳው ፈቃድ ይፈልጋል። የሞሻቭ መሬት ደግሞ አብዛኛው የመንግሥት ስለሆነ የመሬት አስተዳደሩም መስማማት አለበት። ባለእርሻው «ችግር የለም፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» ቢላችሁ አትመኑት። በ2017 የወጣው፣ ሰው «የካሚኒጽ ሕግ» የሚለው ማሻሻያ ቅጣቱን በጣም አክብዶታል፤ ያለ ፈቃድ የሚጠቀመው ተከራይም ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ከቫዓዳው «ቲክ ሜዳዕ» ይጠየቅ፤ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚፈቀድ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ከዚያ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ። የድሮ ሬፌትና ሉል ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ ነው የለበሰው። ሲሰበር ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ በ2011ዱ ሕግ የሚያነሳው ፈቃድ ያለው ሰው ነው እንጂ አጎቴና ጓደኞቻቸው አይደሉም። ወለሉም ተንኮለኛ ነው፦ ሽንት እንዲወርድ ተብሎ ዘንበል ያለ፣ ሲሚንቶው ለዓመታት ሽንት የጠጣ። ጨዉ ቀስ እያለ ይወጣና ልስኑን ይልጠዋል፤ ቀለም ብትደራርቡበት አይሸፍነውም። መብራቱን ሐሽማላይ ሙስማኽ ይሥራው። ማማድ ከሌለም እንግዳው ሳይረን ሲጮኽ የት እንደሚገባ ከአሁኑ ይታሰብ።

ልስን፣ ሴራሚክ፣ ቀለም፣ የእንጨት ሥራ፣ ግቢው፣ ይኼ ሁሉ የአጎቴ እጅ ነው፤ ጎበዝም ናቸው።

እኔ አንድ አንቀጽ ውሉ ላይ ይጨመር ብያለሁ፦ ፈቃዱ ካልወጣ ውሉ ይፈርሳል፣ ገንዘቡም ይመለሳል። ባለእርሻው እስካሁን መልስ አልሰጠም፤ አጎቴም አልፈረሙም።