ለወገብ ሕመም የመጀመሪያው በር የማን ነው?

ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ከግመል ጆንያ ሲያወርድ ወገቡን የያዘው ሰው ወዴት ይሄዳል? በዞናችን ከጅሌ ጥሙጋ ወረዳ እስከ ደዌ ሃረዋ ወረዳ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ ወጌሻ ጋ። ወጌሻ ካርድ አያስወጣም፤ የሪፈር ወረቀት አይጠይቅም። የሰውየውን ቋንቋ ያውቃል፤ የታመመውንም ቦታ በእጁ ይዳስሳል።

ጤና ጣቢያ የሄደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዲክሎፈናክ ተወግቶ፣ እንክብል ይዞ ይመለሳል። ሕመሙ ጥቂት ቀን ጋብ ይላል። ሰውየው ግን ያንኑ ጆንያ በዚያው አኳኋን ማንሳቱን ይቀጥላል፤ መድኃኒቱንም በደጋገመ ቁጥር ጨጓራውና ኩላሊቱ ለጉዳት ይጋለጣሉ። ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ የሚደርሰው፣ ያውም ከቀናው፣ በሪፈር ተንከራትቶ ሕመሙ ከሰነበተ በኋላ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው ብዬ አምናለሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ ማሠልጠን ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጤና ጣቢያዎቻችን ጤና መኮንን፣ ነርስና አዋላጅ ሲመደብላቸው ፊዚዮቴራፒስት ግን የሆስፒታል ሰው ሆኖ ቀርቷል። አውስትራሊያ ያለሐኪም ሪፈር በቀጥታ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ መታየትን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ብሪታንያም ብዙ ሳትቆይ ተከተለች።

«ከባድ በሽታ ቢያልፋቸውስ?» የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው። በዚህ ዞን ጥሬ ወተት የሚጠጣ አርብቶ አደር ወገቡንና መገጣጠሚያውን ሲያመው ብሩሴሎሲስ ሊሆን ይችላል፤ የአከርካሪ ቲቢም አለ። ግን የፊዚዮቴራፒስት ትምህርት አንዱ ክፍል ይህንኑ መለየት ነው። ታማሚውን በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ሳያጥፍ ቀስ ብሎ ያነሳል፤ ሕመሙ ወደ ባቱ ይወርድ እንደሆነ ይጠይቃል፤ የእግሩን አውራ ጣት ጉልበት ይፈትሻል። ሌሊት ያልብሃል? ክብደት ቀንሰሃል? ሽንትህን መቆጣጠር አቅቶሃል? መልሱ «አዎ» ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይልካል። የቀረውን፣ ማለትም አብዛኛውን፣ እንቅስቃሴ ያስተምረዋል፤ ሸክሙን እንዴት እንደሚያነሳ ያሳየዋል።

ወጌሻንስ? ማባረር አያዋጣም፤ ሕዝቡ ያምነዋል። አደጋው ያለው የተሰበረ እጅ ወይም እግር አጥብቆ ሲታሰር ነው። እብጠቱ ሲጨምር ደም መዘዋወሩ ይቆማል፤ ሥጋው ይሞታል። በዚህ ሳቢያ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት ጉዳይ የአጥንት ሐኪሞቻችን የቆየ ሐዘን ነው። ጣት ሲቀዘቅዝ፣ ሲጠቁር ወይም ሲደነዝዝ ወዲያው ፈትቶ መላክ እንደሚገባ ወጌሻውን ማስተማር ብዙ እጅና እግር ያድናል።

ሁሉን ታማሚ ወደ ደሴ ሆስፒታል መላክ ደግሞ አስተማማኝ አይደለም። የዞናችን መቀመጫ ከሚሴ ከደሴ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት መንገዱ ተዘግቶ፣ የደሴው ሆስፒታልም ተዘርፎ አይተናል። ስለዚህ ጅምሩ ትንሽ ይሁን፤ ሰኞ በባቲ፣ እሑድ በሰንበቴ፣ ገበያተኛው በሚያልፍበት ጤና ጣቢያ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋና ኦሮምኛና አማርኛ የሚችል አንድ ፊዚዮቴራፒስት ይመደብ። ወጌሻውም የሚልክበትን ቦታ ያውቃል።