የድራፍት ግፊት ሲወርድ ከጋዙ በፊት ጎሚኒው ይታይ

ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው ሆሞሻ ድራፍት ለመሸጥ ያሰበ ነጋዴ፣ ከቢራው ዋጋ እኩል ሊያሳስበው የሚገባው የጋዙ ብክነት ነው። አዲስ አበባ ከአሶሳ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሲሊንደሩ የሚሞላው እዚያ ከሆነ አንድ ጊዜ መመላለስ የትርፉን ድርሻ ይበላል።

በመሆኑም ቀጂው «ጋዝ አልቋል» ሲል ወዲያው ማመን አይገባም። ጌጁ ራሱ ያሳስታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊንደሩ ውስጥ በፈሳሽ መልክ ስለሚቀመጥ፣ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ መርፌው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 57 ባር ገደማ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚወርደው። የቀረውን ጋዝ የሚናገረው ሚዛን ነው። ባዶ ክብደቱ አንገቱ ላይ ተቀርጿል።

ጋዝ እያለ ግፊት ከጠፋ የሳሙና ውሃ በየመጋጠሚያው ይቀባል፤ አረፋ የነፋው ቦታ ያፈስሳል። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው በበርሜሉ ራስ ወይም በሲሊንደሩ አንገት ላይ ያለ የደረቀ ጎሚኒ ነው። ከመፈታቱ በፊት ጋዙ ይዘጋ፣ ግፊቱም ይተንፍስ።

መርፌ ወረደ ማለት ግን ሁልጊዜ ፍሳሽ አለ ማለት አይደለም። ሞቆ የመጣ በርሜል ማቀዝቀዣ ሲገባ ቢራው ጋዝ ይመጣል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ፍተሻው በርሜሉ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን።

በሞቀ ቢራ አረፋ ሲበዛ ግፊቱን የሚቀንሱ አሉ፤ ይህም ቢራውን ያሟሽሻል። መድኃኒቱ ማቀዝቀዝ ነው። ከ50 ሊትር በርሜል 5 ሊትሩ በአረፋ ከተደፋ የሽያጩ አንድ አስረኛ ሄደ፤ የማጓጓዣው ሂሳብ ግን አይቀንስም።