ቅርሻቱን ማን አቆመው?

አራስ ጥየቃ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ሌላ ነገር ባይዝ ምክር ይይዛል። ሕፃኑ ጠብቶ ሲያበቃ እናቱ ትከሻ ላይ ካቀረሸ ምክሩ ይጎርፋል። አንዷ «አብሽ ዘፍዝፈሽ ውኃውን ጠብ አድርጊለት» ትላለች። ሌላዋ ጤና አዳም ታዛለች። አክስት «የሰው ዓይን ነው» ብለው ፊቱን ይሸፍኑታል፤ ከተሜው ዘመድ ደግሞ ከፋርማሲ ግራይፕ ዋተር ገዝቶ ብቅ ይላል። ሳምንት ቆይቶ ቅርሻቱ ቀነስ ሲል ምስጋናው መጨረሻ ለተሞከረው ይሆናል። የፊተኞቹ ሦስቱ «አልሠሩም»፣ አራተኛው ግን «ፍቱን ነው»፤ ለሚቀጥለዋ አራስም ይነገርላታል።

የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያውን የተጠመጠመ ጡንቻ አለ፤ ስንውጥ ይላላል፣ ከዚያ ይጠብቃል። የሕፃናት ቅርሻት የዚህ ጡንቻ ድክመት ይመስል ነበር። በ1990ዎቹ (እ.አ.አ.) ግን በአውስትራሊያዋ አደሌድ ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች ጊዜያቸው ሳይደርስ በተወለዱ ሕፃናት ቧንቧ ውስጥ እጅግ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ግፊቱን ሲለኩ ሌላ ነገር አገኙ። ጡንቻው በቂ ጥንካሬ ነበረው። ወተቱ የሚመለሰው፣ ሕፃኑ ምንም ሳይውጥ ጡንቻው ለጥቂት ሰከንዶች በድንገት ሲላላ ነው። ይህ ደግሞ ብልሽት አይደለም፤ ጨጓራ የተዋጠን አየር የሚያስወጣበት መንገድ ነው፤ አዋቂም የሚያገሳው በዚሁ በር ነው። አዋቂው ግን ሲቀመጥ ወይም ሲቆም አየሩ ከላይ፣ ምግቡ ከታች ይሆናል። ሕፃኑ አብዛኛውን ቀን በጀርባው ይውላል፣ ቀለቡ በሙሉ ፈሳሽ ነው፣ ቧንቧውም 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። (አንድ የሕንድ ጥናት፣ ከጠቡ በኋላ እንዲያገሱ የተደረጉ ሕፃናት ካልተደረጉት የበለጠ ማቅረሻቸውን አሳይቷል። በሩ አንድ ስለሆነ ብዙም አይገርምም።)

የሚጠባው መጠንም ቀላል አይደለም። የጥቂት ሳምንታት ሕፃን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ወተት ይወስዳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያው ልክ ይጠጣ ቢባል ከ10 ሊትር በላይ ይደርስበታል፤ ያንን ጠጥቶ በጀርባው የተኛ ሰው ጥቂት ቢመልስ ማን ይፈርድበታል? ደግሞም ወተት አሲድን ስለሚያበርድ ከጠባ ብዙም ሳይቆይ የሚያቀረሸው በአብዛኛው አያቃጥለውም። አቅርሽቶ ፈገግ የሚለውም ለዚህ ነው።

እ.አ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት በቺካጎ አካባቢ የ948 ጤነኛ ሕፃናት ወላጆችን ጠይቆ ነበር። ከ3 ወር በታች ካሉት ግማሾቹ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያቀረሻሉ። በ4ኛው ወር ቁጥሩ ወደ 67 በመቶ ይወጣል። ከዚያ በ6ኛው ወር 61 በመቶ የነበረው በ7ኛው ወር 21 በመቶ ሆኖ ይገኛል፤ ዓመት ሲቃረብ 5 በመቶ ብቻ ይቀራል። በዚህ ጉዞ መካከል ደግሞ እያንዳንዱ ሕፃን ክፉና ደግ ሳምንት አለው። ጉንፋን ሲይዘው ይብስበታል፣ ከልክ በላይ ሲጠባ ይብስበታል፣ ከዚያ ያለ ምንም ምክንያት ይተወዋል። ወላጅ መድኃኒት የሚፈልገው በክፉው ሳምንት ነው። ከክፉው ሳምንት በኋላ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሻለ ሳምንት ነው። እንግዲህ በዚያች ቀን የተሰጠ ማንኛውም ነገር፣ አብሽም ይሁን ሽሮፕ፣ «ፍቱን» መባሉ አይቀርም።

ይህ የአክስት ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ሐኪሞችም ወድቀውበታል። ላንሶፕራዞል ከኦሜፕራዞል ጋር የአንድ ቤተሰብ የሆነ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ በአሜሪካ ለሚያለቅሱና ለሚያቀረሹ ሕፃናት በብዛት ይታዘዝ ነበር። ሐኪሟ ሱዛን ኦረንስቲን የመራችውና እ.አ.አ. በ2009 የታተመው ሙከራ 162 ሕፃናትን ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ ሰጠ። የትኛው ለማን እንደደረሰ ወላጆች አያውቁም ነበር። በ4 ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 54 በመቶ ተሻላቸው። አምሳያውን ከወሰዱትም ልክ 54 በመቶ። ልዩነቱ የታየው ሌላ ቦታ ነው፦ መድኃኒቱን የወሰዱት ዘንድ የሳንባ ኢንፌክሽን በዛ። አሲዱ ያለው ጀርም እንዲገድል ጭምር ነውና።

በእኛ አገር የዚህ ስህተት ዋጋ ከሁሉ የከፋው እንጥል ማስቆረጥ ላይ ነው። ሕፃኑ አስመለሰው፣ አልጠባ አለ፣ ሳለ ተብሎ በምላጭ ወይም በሌላ ስለት እንጥሉ ይቆረጣል። እንጥል ከጨጓራ በር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የሚተርፈው የደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ድርጊቱን ከጎጂ ልማዶች ጋር በስም ጠቅሶታል። ልማዱ እስካሁን ያልጠፋው፣ ከተቆረጡት ብዙዎቹ ቆይቶ ማስመለሱን ስለሚተዉ ይመስለኛል። ባይቆረጡም ይተዉት ነበር።

የእንቅልፉ ነገርም እንዲሁ ነው። «በጀርባው ከተኛ ትን ይለዋል» የሚለው ስጋት እናትን ልጇን በሆዱ እንድታስተኛ ይገፋፋታል፤ በሆድ ሲተኙ ቅርሻት መቀነሱም እውነት ነው። ነገር ግን በሆድ የሚተኛ ሕፃን ተኝቶ ሳለ በድንገት የመሞት አደጋው ይጨምራል። በአሜሪካ እ.አ.አ. ከ1994 ጀምሮ ወላጆች ልጆቻቸውን በጀርባ እንዲያስተኙ ከተቀሰቀሰ በኋላ ይህ ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ትን ብሎት የሚሞት ሕፃን ግን አልበዛም። ሕፃኑ በጀርባው ሲሆን የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ነው፤ የተመለሰው ወተት ወደ ሳንባ ለመግባት ዳገት መውጣት አለበት። ዘንበል ያለ መኝታም መፍትሔ አልሆነም። ሮክ ኤን ፕሌይ የተባለው የፊሸር ፕራይስ ምርት እ.አ.አ. በ2019 ከ30 በላይ ሕፃናት ሞተውበት 4.7 ሚሊዮን ያህሉ ከገበያና ከቤት እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ በ2022 ደግሞ አሜሪካ የዚህ ዓይነት መኝታ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለች። በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች ከጎረቤት በውርስ የመጣ እንዲህ ያለ መኝታ ቢኖራቸው መጣል ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙም አይደለም። በአንድ ጊዜ አጥግቦ ከመስጠት አነስ አድርጎ ቶሎ ቶሎ ማጥባት፣ ከጠባ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀና አድርጎ መያዝ፣ ሆዱን በመጠቅለያ አለማጥበቅ፣ አጠገቡ ሲጋራ አለማጨስ። መቀመጫ ውስጥ ማስቀመጥ ግን ቀና መያዝ አይደለም፤ ወገቡ ታጥፎ ሆዱ ስለሚጨመቅ ያብስበታል። «ወተቱ ቀጥኖበት ነው» ብሎ ከ6 ወር በፊት አጥሚት መጀመርም አይመከርም። የእናት ጡት ብቻ ለዚያ ጊዜ ይበቃል።

የቀን ቀኑን ቅርሻት መቁጠር ሰውን ከማሸበር በቀር የሚሰጠው ነገር የለም። የሚታመነው የጤና ጣቢያው ሚዛንና የክትባት ካርዱ ላይ ያለው የእድገት መስመር ነው። ልጁ ኪሎ እየጨመረ፣ በቂ ሽንት እየሸና፣ ነቅቶ እየተጫወተ ከሆነ የጨመረው ሥራ የልብስ አጠባ ነው፤ ያም እንቅልፍ ላጣች እናት ቀላል አይደለምና፣ ጠያቂ ዘመድ ከምክሩ ይልቅ አጠባውን ቢይዝላት ይሻላል። ኪሎው ከቆመ፣ ጡት አልይዝ ካለ ወይም ሰገራው ላይ ደም ከታየ ግን ሐኪም ያየዋል። አንዳንዴ ጥፋቱ የላም ወተት ፕሮቲን ላይ አለርጂ ሆኖ ይገኛል። ያኔ የሚያጠቡ እናቶች ወተትና የወተት ውጤት ለ2 እስከ 4 ሳምንት ትተው እንዲሞክሩ ይደረጋል።

ሌሊት ቢሆንም ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጡ ምልክቶችም አሉ። አረንጓዴ ትውከት አንጀት ተጣምሞ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ደም ያለበት ትውከት፣ ትኩሳት፣ የእርግብግቢት ማበጥ፣ መፍዘዝም እንዲሁ።

ከሁሉ በላይ ከቅርሻት ጋር የሚምታታው ግን ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት የሚጀምረው የጨጓራ መውጫ መጥበብ ነው፤ ወንዶች ላይ ከሴቶች አራት እጥፍ ያህል ይታያል። ትውከቱ ትከሻ ላይ አይንጠባጠብም፤ ተወርውሮ ራቅ ብሎ ያርፋል፣ ልጁም ወዲያው እንደገና መጥባት ይፈልጋል። ይህ ሕመም ክፉና ደግ ሳምንት የለውም፤ ከትናንት ዛሬ፣ ከጠዋት ማታ እየባሰ ይሄዳል። ጀርመናዊው ሐኪም ራምሽቴት ከመቶ ዓመት በፊት ያስለመደው አጭር ቀዶ ሕክምና ያድነዋል፤ ብዙዎቹ ሕፃናት በማግስቱ ይጠባሉ። ከዚያ በኋላም ለጥቂት ቀን ያቀረሻሉ።