ተባዩን ሳይለዩ መርጨት ገንዘብ መበተን ነው

የጎመንዘር ቡቃያ ከአፈር ብቅ ባለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉ በወስፌ የተወጋጋ መስሎ ከታየ፣ አርሶ አደሩ በቅድሚያ ሊጠረጥረው የሚገባው ቁንጫ ጥንዚዛን ነው። ተባዩ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይረዝማል፤ ሰው ሲጠጋውም በወፍራም የኋላ ጭኑ ተስፈንጥሮ ይሰወራል። ስለሆነም ጉዳቱ እንጂ ራሱ ብዙም አይታይም።

ጉዳቱን ከሌሎች ተባዮች መለየት ይቻላል። ክሽክሽ ቅጠሉን መጥጦ ያጨማድዳል፤ አባጨጓሬ ሰፋ አድርጎ ይበላል፣ ኩሱንም ይተዋል። ቁንጫ ጥንዚዛ ግን ጥቃቅን ክብ ቀዳዳዎችን ያበዛል። ዝናብ ተቋርጦ ፀሐይ ሲበረታ ጥቃቱ ይከፋል፤ ቡቃያው አራት ቅጠል ካወጣ በኋላ የመቋቋም አቅሙ ይጨምራል።

ይሁን እንጂ ቁንጫ ጥንዚዛ መሆኑን ማወቅ ብቻውን በቂ አይደለም። ዝርያዎቹ እጅግ ስለሚመሳሰሉ ባለሙያዎች በማይክሮስኮፕ የወንዱን የመራቢያ አካል ጭምር ይመረምራሉ። የዝርያው ልዩነት ለመከላከል ሥራው ወሳኝ ነው። የጎመንዘር ዘመድ የሆነው ካኖላ በስፋት በሚመረትበት በካናዳ፣ ዘር ላይ የሚቀቡ አንዳንድ ፀረ ተባዮች ጥቁሩን ዝርያ በሚገባ ሲቆጣጠሩ፣ ክንፉ ላይ ቢጫ መስመር ባለው ዝርያ ላይ ግን ደካማ ሆነው ተገኝተዋል።

የትኛው ዝርያ የት እንዳለ የሚታወቀው ናሙና ሲሰበሰብ ነው። ከአንድ ወረዳ ናሙና አልደረሰም ማለት ተባዩ በዚያ የለም ማለት አይደለም። ናሙና መውሰድም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጥንዚዛው በማለዳ ብርድ ስለሚደነዝዝ፣ ቡቃያውን ነጭ ሳህን ላይ ማራገፍ ይበቃል። ከየማሳው አሥር ያህል ለቅሞ አልኮል ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ለየብቻ ማስቀመጥ፣ ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ ከፍታውንና ሰብሉን በእርሳስ ጽፎ ወረቀቱን ጠርሙሱ ውስጥ መክተት ያስፈልጋል፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።

አርሶ አደሩ ምልክቱን እንዳየ ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሊያሳውቅ፣ በማሳው ዙሪያ የሚበቅሉ የጎመን ዘር አረሞችንም ሊያስወግድ ይገባል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ናሙናውን ሳይዘገዩ በአቅራቢያቸው ወዳለ የዕፅዋት ጤና ክሊኒክ ወይም የምርምር ማዕከል መላክ ይኖርባቸዋል። ቡቃያ የሚድነው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነውና፣ ውጤቱ ለዘንድሮው ማሳ ባይደርስ እንኳ የከርሞው ርጭት በግምት እንዳይሆን ያደርጋል።