የግንባታ ካምፕና የገበሬው መሬት

ትልቅ መንገድ ወይም ግድብ ሲሠራ ቀድሞ የሚተከለው ካምፑ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው የህዳሴ ግድብ የሚገኝበት ጉባ ከትልልቅ ከተሞች የራቀ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ሠራተኛው የሚያድርበትም የሚታከምበትም እዚያው መዘጋጀት አለበት።

በካምፕ ውስጥ ማደሪያ፣ ምግብ ቤት፣ ክሊኒክና ጋራዥ ይኖራል። ትልቁን ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን ማከማቻው ነው። ሲሚንቶ እርጥበት ከነካው ስለሚጠጥር ከመሬት ከፍ ተደርጎ በጣውላ ላይ ይደረደራል። ነዳጅ ቢፈስ ወደ ወንዝ እንዳይወርድ ታንከሩ በግንብ ይከበባል። ፈንጂ ከማደሪያ ርቆ በጥበቃ ይቀመጣል።

ካምፑ በገበሬ ማሳ ላይ የሚያርፍበት ጊዜም አለ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱ ለጊዜው ለተወሰደበት ባለይዞታ ካሳ እንዲከፈል ይደነግጋል። ገንዘቡ ብቻውን ግን አይበቃም። ሥራው ሲያልቅ ኮንክሪቱ ካልተነሳ፣ ጉድጓዱ ካልተደፈነና የተገፈፈው ለም አፈር ካልተመለሰ ማሳው እንደ ድሮው አያበቅልም።

ስለዚህ ባለይዞታው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የተወሰደው ስፋት በጽሑፍ ሰፍሯል? የላዩ አፈር የት ይከማቻል? መሬቱስ መቼና በምን ሁኔታ ይመለሳል?